ለልጆች መክሰስ ማጣፈጫ እንዴት ይመረጣል? ከቅዳሜ ገበያ እስከ ምሳ ዕቃ

ስኳሩን አስወግደው በምትኩ ማር ሳይለኩ የሚያፈስሱ የባሕር ዳር ወላጆች ብዙ ናቸው። ከማር ክብደት 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ስለሆነ ልጁ የሚያገኘው ስኳር ከቀድሞው አይቀንስም፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ሌሎች ደግሞ ጣፋጭ የተባለውን ሁሉ በአንድ ቀን ያቆማሉ፤ ልጁ ምሳ ዕቃውን እንደተዘጋ ይዞት ይመለሳል፣ ሳምንት ሳይሞላ ብስኩቱ ወደ ቤት ይገባል። ሁለቱም የሚመጡት ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው። ማጣፈጫ የሚመረጠው መጀመሪያ በልጁ ዕድሜ፣ ቀጥሎ በሚሠራው ምግብ ዓይነት፣ ከዚያም በመጠን ነው። ደረጃ አትዝለሉ፤ በተለይ የመጀመሪያውን።

ደረጃ 1፦ የልጁን ዕድሜ ለዩ

ከ12 ወር በታች። ማር በፍጹም አትስጡ። በጣት ጫፍ ማቅመስ፣ በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ገንፎ ላይ ጠብ ማድረግ፣ የጡጦ ጫፍ መቀባት፣ ሁሉም ክልክል ነው። በማር ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ ስፖር (ሙቀትን የሚቋቋም፣ እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆይ የባክቴሪያው መልክ) ሊኖር ይችላል። ትልቅ ሰው ሲበላው አንጀቱ ይቋቋመዋል፤ የጨቅላ አንጀት ግን ገና ስላልጠነከረ ስፖሩ እዚያ ይበቅልና ጡንቻን የሚያልፈሰፍስ መርዝ ያመነጫል። ማሩ ንጹሕ መሆኑ፣ ከታወቀ ንብ አናቢ መገዛቱ ወይም ነጭ መሆኑ ይህንን አይለውጠውም።

«እናፈላዋለን» የሚል መፍትሔም አይሠራም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስፖሩን ለመግደል ግን በከፍተኛ ግፊት የሚገኝ 121 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል። በምድጃ ላይ የሚንተከተክ ድስት እዚያ አይደርስም።

ጨቅላው ማር ከቀመሰ በኋላ ሆዱ ከደረቀ፣ ለቅሶው ከደከመ፣ መጥባት ካቃተው፣ የዐይኑ ሽፋን ከወደቀ ወይም ሰውነቱ ከላላ ቤት ውስጥ አትጠብቁ። ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ወይም ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ማር መቅመሱንም ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ምልክቱ በዚያው ቀን ላይታይ ስለሚችል ለሳምንታት ተከታተሉት።

አያት አራስ ጠያቂ ሆነው ሲመጡ ማር ለማቅመስ ቢነሱ በክርክር አትግጠሟቸው። «እማማ፣ ማሩ ይቀመጥለት፤ ዓመት ሲሞላው እርስዎ ራስዎ ያቀምሱታል» በሉ። ማሩን ተቀብላችሁ በፊታቸው አስቀምጡት። ክብራቸው ይጠበቃል፣ ልጁም ይጠበቃል።

ከ1 እስከ 2 ዓመት። ማር ከዚህ በኋላ በመርዝ ረገድ አያሰጋም፤ ሆኖም ስኳርም ማርም አትጨምሩ። የጣፋጭነት ልምድ የሚተከለው በዚህ ዕድሜ ነው። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ የተቀቀለ ዱባና ስኳር ድንች ይበቁታል።

ከ2 ዓመት በላይ። ጥቂት ማጣፈጫ ይፈቀዳል፤ በማንኪያ ተለክቶ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ነፃ ስኳር ከቀኑ ጠቅላላ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ያሳስባል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው ይጠቁማል። በቀን 1,200 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ትንሽ ልጅ 5 በመቶው 15 ግራም ነው፤ አራት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ልብ በሉ፦ በዚህ መመሪያ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ከስኳር ጋር አብረው ይቆጠራሉ፤ ሳይጨመቅ የሚበላ ፍራፍሬ ግን አይቆጠርም።

ደረጃ 2፦ ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ያለውን ስኳር ቁጠሩ

አንድ የተደለደለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። የተከመረ ማንኪያ እጥፉን ሊጠጋ ስለሚችል ሁልጊዜ በቢላ ጀርባ ደልድሉ። አሁን አንድ ተራ ቀን ውሰዱና ልጁ የሚጠጣውን ጻፉ፤ መጠጥ ላይ የማያተኩር ቆጠራ አይረባም።

የጠዋት ሻይ በሁለት ማንኪያ ስኳር 8 ግራም ነው። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ገደማ ይይዛል። በበዓል ቀን ለልጆች የሚቀዳው ብርዝ፣ አንድ ብርጭቆው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ከገባበት 34 ግራም ስኳር አለው፤ አድሮ ከሆነም መፍላት ሊጀምር ስለሚችል ለልጅ አይሰጥም። ጁስ ቤት ስትገቡ «ስኳር አይጨመርበት» የሚለውን ከማዘዝ ጋር አብራችሁ ተናገሩ፤ ከተፈጨ በኋላ መናገር ዋጋ የለውም።

ቆጠራው ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ የልጁ ድርሻ መክሰስ ሳይደርስ በሻይ አልቋል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ሻዩን አስተካክሉ። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከጤፍና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያደናቅፍ፣ ከልጅ ቁርስ ላይ ቢወጣ ጥቅሙ እጥፍ ነው።

ደረጃ 3፦ ገበያ ውጡ

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ አንድ የሻይና አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ወንፊት፣ ሙቀጫ ወይም መፍጫ፣ ክዳን ያለው ብርጭቆ ማሰሮ።

ሙዝ። ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣውን ምረጡ። ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ፣ ሻጩ በርካሽ የሚለቀው ነጠብጣባሙ ለዚህ ሥራ ከቢጫው ይበልጣል። ጥሬ ብቻ ካገኛችሁ ከበሰለ ፍሬ ጋር በወረቀት ከረጢት ዘግታችሁ አሳድሩት።

ማንጎ። በቀለሙ አትፍረዱ። ከዛፉ የተቀጠፈበት ጫፍ አጠገብ አሽትቱ፤ የሚጣፍጥ ሽታ ካለውና በአውራ ጣት ሲጫን በጥቂቱ ከገባ በስሏል።

ቴምር። የረመዳን ወር ሲቃረብ በብዛት ይገባል። ታሽጎ የሚሸጠውን ስትገዙ ማሸጊያው ላይ የተዘረዘሩትን ነገሮች አንብቡ፤ አንዳንዱ እንዲያብረቀርቅ በግሉኮስ ሽሮፕ ይለበጣል። ከቴምር በቀር ሌላ ነገር የተጻፈበትን ተዉት።

ማር። እዚህ ላይ ገንዘብ ይባክናል። የረጋ ማር ሁሉ ስኳር የተቀላቀለበት አይደለም፤ በማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ በጊዜ ብዛት ስለሚረጋ ንጹሕ ማርም ይጠጥራል። ውኃ ውስጥ ጠብ ማድረግ፣ በክብሪት መለኮስ፣ በጣት መሳብ ሁሉ አስተማማኝ መለያ አይደሉም። በእርግጥ ልትለዩት የምትችሉት የፈላውን ነው፦ አረፋ ካለው፣ ከጎመዘዘ ወይም ጠጅ ጠጅ ከሸተተ አትግዙ። ለቀረው፣ በጥቅምትና በኅዳር አዲሱ ማር ሲወጣ ከአንድ የምታውቁት አናቢ የዓመቱን መግዛት በየሳምንቱ ከባልዲ ከማስቀዳት ይሻላል። የረጋውን ለማላላት ማሰሮውን እጅ በሚችለው ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ አቁሙት፤ እሳት ላይ አትጣዱት፣ መዓዛው ይጠፋል።

ከማይገዙት መካከል፦ ካሎሪ የለሽ የሚባሉት ማጣፈጫዎች ይገኛሉ፤ ሳካሪን፣ አስፓርቴም፣ ሱክራሎዝ፣ ስቴቪያ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እነዚህን ክብደት ለመቆጣጠር መጠቀምን አልመከረም። ለልጅ መክሰስ ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፦ ምላስ ከኃይለኛ ጣፋጭነት እንዲላቀቅ አያደርጉም። ሐኪም ለስኳር ሕመም ካላዘዘ በቀር ተዉአቸው። ሸንኮራ አገዳም ለሕፃን አይሆንም፤ ጭማቂው ስኳር ነው፣ ቃጫው ደግሞ ያንቃል።

ደረጃ 4፦ ምግቡ ከማጣፈጫው ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ

ስኳር በየምግቡ የሚሠራው ሥራ ይለያያል። እርጎ፣ ገንፎና ሩዝ ጣዕም ብቻ ይፈልጋሉ፤ ለእነዚህ የተፈጨ ሙዝ ወይም ማንጎ በቂ ነው። አንድ ብርጭቆ በደንብ በበሰለ የፎገራ ሩዝ ላይ ግማሽ ብርጭቆ በወንፊት የወጣ ማንጎ አዋህዱ፤ ሌላ ምንም አትጨምሩ። ጭብጦ የሚያያይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ለእርሱ ቴምር። ኬክ ከጣዕሙ ሌላ ልስላሴና ርጥበት ስለሚፈልግ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ ይደርቃል። በእርሾ የሚነሣ ዳቦ ግን ስኳር የግድ አያስፈልገውም፤ እርሾው ከዱቄቱ የሚበቃውን ያገኛል፣ ጥቂት ዘግየት ብሎ ይነሣል እንጂ።

ስኳር ሳይጨመር ጣፋጭነትን የሚያጎላ ነገርም አለ። አንድ ቁንጥር የተፈጨ ቀረፋ ወይም ኮረሪማ፣ የተቆላ ሰሊጥና እጅግ ጥቂት ጨው በሙዝ ወይም በዱባ ላይ ሲገቡ ልጁ ከሚቀምሰው በላይ ጣፋጭ ይመስለዋል። ዱባውን በውኃ ከመቀቀል በእንፋሎት አብስሉት። ስኳር ድንቹን ከነልጣጩ በቀስታ ጥበሱት፤ በዝግታ ሲሞቅ ስታርቹ ወደ ስኳርነት ስለሚለወጥ በጣም ይጣፍጣል።

ደረጃ 5፦ ቴምሩን ፈጭታችሁ አልሙ

1. 10 ቴምር በንጹሕ ውኃ እጠቡ።
2. እያንዳንዱን ሰንጥቃችሁ ፍሬውን አውጡ፤ ውስጡን በብርሃን እዩ። ነፍሳት ወይም ጥቁር ዱቄት ያለበትን ጣሉ። ይህን በጅምላ አታድርጉት፤ አንድ የተረሳ ፍሬ የልጅ ጥርስ ይሰብራል ወይም ያንቃል።
3. ግማሽ ብርጭቆ፣ 100 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የፈላ ውኃ አፍስሱበትና ከድናችሁ 30 ደቂቃ ተዉት።
4. ከነውኃው ፍጩ ወይም በሙቀጫ ውቀጡ። ልጣጩ ካስቸገረ በወንፊት አሳልፉ።
5. በንጹሕ ማሰሮ ዝጉ። ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል። ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ የዕለቱን ብቻ ሥሩ።

በዚህ ልኬት አንድ የሾርባ ማንኪያ ከአንድ ቴምር ጋር እኩል ነው፤ 5 ግራም ያህል ስኳር አለው። ቴምር ፋይበርና ፖታሲየም አለው፤ ቢሆንም ከላመ በኋላ ስኳሩ ጥርስ ላይ እንደማንኛውም ስኳር ስለሚሠራ ከቀኑ ድርሻ ውስጥ ቁጠሩት።

ደረጃ 6፦ በበሶ ጭብጦ ጀምሩ

ለመጀመሪያ ሙከራ ከዚህ የተሻለ መክሰስ አላውቅም። ልጆች ያውቁታል፣ እሳት አይፈልግም፣ ከትምህርት ቤት ሳይበላሽ ይደርሳል።

1. አንድ ብርጭቆ በሶ (120 ግራም ያህል) በሰፊ ሳህን ነፍታችሁ አስገቡ፤ ቁንጥር ጨውና ቀረፋ ጨምሩ።
2. 6 የሾርባ ማንኪያ የላመ ቴምር እና 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የለውዝ ቅቤ ወይም ቀልጦ የበረደ ንጥር ቅቤ ጨምሩ። በጾም ወቅት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይሆናሉ።
3. በጣታችሁ ፈትጉት፤ ገና ውኃ አትጨምሩ።
4. ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ በሾርባ ማንኪያ አንድ አንድ እያላችሁ ጨምሩ፣ በየመካከሉ እሹ። ከሁለት እስከ አራት ማንኪያ ይበቃል። በሶ ውኃ የሚጠጣው በዝግታ ስለሆነ ከሁለተኛው ማንኪያ በኋላ አምስት ደቂቃ አሳርፉት።
5. 12 ቦታ ከፍላችሁ ጨብጡ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ድቡልቡል አታድርጉት፤ ጠፍጠፍ አድርጉና ተቀምጦ ይብላ።

በአንድ ጭብጦ ውስጥ ያለው 2.5 ግራም ስኳር ነው፤ ሦስቱ ሁለት የሻይ ማንኪያ አይሞሉም። ይህንኑ በቴምሩ ፋንታ በ3 የሾርባ ማንኪያ ማር ብትሠሩት ጠቅላላው ስኳር ከ30 ወደ 51 ግራም ይወጣል።

ደረጃ 7፦ በኬክና በጣፋጭ ዳቦ ላይ ማር ስትተኩ

የተለመደው ልኬት ለ1 ብርጭቆ ስኳር ሦስት አራተኛ ብርጭቆ ማር ነው። ይህ የጣዕም ልኬት ነው እንጂ የጤና አይደለም፤ ማር ከባድ ስለሆነ በሦስት አራተኛው ውስጥ ያለው ስኳር ከአንድ ብርጭቆ ስኳር ጋር እኩል ይሆናል። በእርግጥ መቀነስ የምትፈልጉ ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ አስገቡ፤ ስኳሩ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል።

ከሌላው ፈሳሽ ላይ ጥቂት የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፣ ማር ራሱ ውኃ አለውና። ምድጃውን በ15 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጉ፤ ማር ከስኳር ይልቅ ቶሎ ይጠቁራል። በከሰል ላይ በድስት የምትጋግሩ ከሆነ ከላይ ያለውን ፍም በግማሽ ቀንሱ።

ማር መግዛት ከከበደ በስኳሩ ላይ ሩቡን መቀነስ ብቻ ይበቃል። ኬኩ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም።

ደረጃ 8፦ በሩብ በሩብ ቀንሱ

ልጁ እስካሁን ሻዩን በሁለት ማንኪያ ሲጠጣ ከኖረ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ተኩል፣ በሁለተኛው አንድ፣ በሦስተኛው ግማሽ አድርጉ። እርጎና ገንፎ ላይም እንደዚሁ። «ዛሬ ስኳር የለም» ብላችሁ አታውጁ፤ ማንኪያውን ዝም ብላችሁ ቀንሱ። አዲስ ምግብ አንዴ ተፍቶ ማለት ጠልቶታል ማለት አይደለም። ያው ምግብ ደጋግሞ፣ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ፣ በጥቂት በጥቂቱ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል።

ቤት ውስጥ ያሉ ሁሉ አብረው ይቀንሱ። ሞግዚቷ ልጁ ሲያለቅስ ከረሜላ የምትሰጥ ከሆነ ደረጃው አይሠራም፤ ምን እንደምትሰጠው በግልጽ ንገሯት፣ የተላጠ ማንጎ አዘጋጅታችሁ ሂዱ።

ደረጃ 9፦ ምሳ ዕቃውንና ጥርሱን አስቡ

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሕር ዳር ይሞቃል። ፍራፍሬ የገባበት እርጎ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከአንድ ሰዓት። ለትምህርት ቤት ጭብጦ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንችና ያልተላጠ ሙዝ ያዙለት። ቆሎና ያልተፈጨ ለውዝ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም።

ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ መጠን ብቻ ሳይሆን ጊዜውም ጭምር ነው። ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ የሚላስ ጣፋጭ በአንድ ጊዜ ተበልቶ ካለቀው ይብሳል። መክሰሱ በተወሰነ ሰዓት ይበላ፣ ከኋላው ውኃ ይጠጣበት። ቴምር ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅ ማታ ከመተኛት በፊት አትስጡ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ጭብጦው ይፈረፈራል፦ ርጥበት አንሶታል። ማር አትጨምሩ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ጨምራችሁ እንደገና እሹትና አሳርፉት።

ጭብጦው እጅ ላይ ይጣበቃል፦ ውኃው በዝቷል። በሶ ነስንሱበት፤ ጣታችሁን ዘይት ንኩ።

ኬኩ ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ነው፦ ሙቀቱ በርትቷል። በላዩ የኬክ ወረቀት አልብሳችሁ በቀነሰ እሳት ጨርሱት።

የላመው ቴምር ጎመዘዘ ወይም አረፋ አወጣ፦ ጣሉት፤ ማሰሮውን በፈላ ውኃ አጥባችሁ አድርቁ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እርጥብ ወይም የተላሰ ማንኪያ ነው።

የልጁ ሆድ ላላ፦ ቴምርና ፍራፍሬ በአንዴ አብዝታችኋል። ለሁለት ቀን አቁሙና በግማሽ መልሱ። ተቅማጡ ውኃማ ከሆነ ወይም ደም ከታየበት ምክንያቱ ቴምሩ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ የሚሟሟ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የልጁ አፍ ዙሪያ ከማንጎ በኋላ ቀላ ወይም አሳከከው፦ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው የልጣጩ ፈሳሽ ነው። ሥጋው ልጣጩን ሳይነካ በንጹሕ ቢላ ተቆርጦ ይሰጠው። ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ፈጥናችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ማንጎም ዳግም አትስጡት።

ልጁ አልበላም ብሎ መለሰው፦ ወደ ቀደመው ሳምንት ልኬት አንድ እርምጃ ተመለሱ፤ እስከ መጀመሪያው ድረስ አትመለሱ። በሚቀጥለው ቀን ጭብጦውን እርሱ ራሱ ይጨብጠው፣ ሰሊጡንም እርሱ ይነስንስበት።